የሚረሱ እናቶቻችን ጋኔን የለባቸውም

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶችን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ። ቢሆንም ዝም ማለት አልችልም።

በየአጥቢያችን አንድ ክፉ ልማድ እየሰደደ ነው። ዘመናቸውን ሁሉ በጸሎት ያሳለፉ እናት የልጆቻቸውን ስም መርሳት፣ አንዱን ጥያቄ ደጋግመው መጠየቅ፣ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ሲጀምሩ ወደ መድረክ ይወጣሉ። ማይክ ይቀርብና «ስምህን ተናገር! ልቀቃት!» ይጮህባቸዋል። ግራ ተጋብተው ሲንቀጠቀጡ መንቀጥቀጣቸው ራሱ የጋኔን ማስረጃ ይሆናል። ይህ ነጻ ማውጣት አይደለም፤ በሽተኛን ማንገላታት ነው።

ማቴዎስ 4፥24ን እናስተውል። ወንጌላዊው ወደ ጌታ ያመጧቸውን ሲዘረዝር ሕመምተኞችንና አጋንንት ያደረባቸውን ለይቶ ይጠራል። ወንጌሉ የለየውን እኛ ለምን እንቀላቅላለን? አጋንንት እንዳሉ አምናለሁ፤ ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ። ለታመመ እንጸልይ! ነገር ግን መጸለይ ሌላ፣ ያላደረባቸውን መንፈስ መለጠፍ ሌላ ነው።

የመርሳት በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። ዋነኛው መንስኤው አልዛይመር ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ደግሞም የሚረሳ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ መድኃኒትም ሰውን ያስረሳል፤ እነዚህ ሊታከሙ ይችላሉ። ስለዚህ «ሐኪም ቤት መሄድ አለማመን ነው» የሚል አገልጋይም ሆነ «እርጅና ነው፣ ጃጅተዋል» ብሎ የሚተው ቤተሰብ ሊገኝ የሚችለውን ፈውስ እየዘጋ ነው።

አስታማሚዋን ልጅስ አየናት? ሥራዋን ትታ፣ ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች። ከጉባኤ ስትቀር «ቀዝቅዛለች» እንላታለን፤ ለአዳራሽ ማስፋፊያ ቃል የገባችውን ግን አንረሳም። ጌታ በማርቆስ 7 ስለ ቁርባን የተናገረው ለማን ነው? በእግዚአብሔር ስም ወላጅን መጦር ያስቀሩትን አይደለም የገሠጸው? 1 ጢሞቴዎስ 5፥4ም ወላጅን መጦር እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን ያስተምራል።

እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ ማይኩን አስቀምጡና ቤታቸው ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት እህቶች ከእናት ጋር ይቀመጡ፤ ልጅቷ ትተኛ። ከታማሚ ጋር አትከራከሩ። የሞቱትን ባለቤታቸውን ሲጠይቁ በየቀኑ አዲስ መርዶ አታርዷቸው፤ «እስኪ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ» በሏቸው። የድሮውን መዝሙር ዘምሩላቸው፤ ስማችሁን የረሱ እናት አብረዋችሁ ሊዘምሩ ይችላሉ።

«ጌታንም ከረሱትስ?» ብለው የሚጨነቁ ልጆች አሉ። መዳናችን የቆመው እኛ እርሱን በማስታወሳችን ላይ ሳይሆን እርሱ እኛን በማወቁ ላይ ነው። በኢሳይያስ 49 እናት እንኳ ልትረሳ ብትችል እርሱ እንደማይረሳ ተናግሯል። እርሱ ያልረሳቸውን እናቶች ቤተ ክርስቲያኑ አትርሳቸው፤ በመድረክም አታዋርዳቸው።