ቡችላ ወደ ሠራተኛ ቤት ሲገባ

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ግቢ ያለው ቤተሰብ ውሻ ማሳደጉ የቆየ ልማድ ነው። ሌባን ለመጠበቅም ሆነ ሲመሽ ወደ ከተማው ዳርቻ ብቅ የሚለውን ጅብ ለማባረር የውሻ ጩኸት እንደሚጠቅም ሁሉም ያውቃል። ይሁን እንጂ ቀድሞ ውሻ ያደግበት የነበረው ቤትና ዛሬ የሚያድግበት ቤት አንድ አይደሉም። ቀድሞ አያት ወይም አክስት ከቤት አይጠፉም ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤት እናትም አባትም ጧት ወጥተው ማታ የሚገቡ ሠራተኞች ናቸው፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ይውላሉ።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ቡችላ ገና በመጀመሪያው ወር ይበላሻል። ብቻውን ታስሮ ቀን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል፤ ጎረቤትም ይማረራል። ያገኘውን ጫማ ያኝካል፤ በረንዳውን ያቆሽሻል። እናትም ከሥራ ደክማ ገብታ መጀመሪያ የምትይዘው መጥረጊያ ይሆናል። በመጨረሻም «ይህ ውሻ አልሆነም» ይባልና በጆንያ ተቋጥሮ ወስደው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ይጥሉታል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። የተጣለው ቡችላ ከሞት ቢተርፍ፣ ክትባት የማያገኝና ጌታ የሌለው የመንገድ ውሻ ይሆናል። ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በየጥጉ የሚያገኙት እርሱን ነው። ስለዚህ ቡችላን ከሠራተኛ ቤት ኑሮ ጋር አስማምቶ ማሳደግ ለእንስሳው ከማዘን ያለፈ፣ የቤተሰብና የሰፈር ጤና ጉዳይ ነው።

መቼ ይወሰድ?

ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት 2 ወር ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት የተነጠለ ቡችላ በቀላሉ ይታመማል፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት የሚማረውን፣ ጥርሱን በልክ መጠቀምንም ሳያውቅ ይቀራል።

የሚወሰድበትንም ቀን ማሰብ ይገባል። ሰኞ ማታ ቡችላ አምጥቶ ማክሰኞ ጧት ብቻውን ጥሎ መሄድ ጥሩ ጅምር አይደለም። ዓርብ ከሥራ መልስ ቢወሰድ ቅዳሜና እሑድ ለመለማመጃ ይተርፋሉ። መምህራን ከሆኑ ደግሞ የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ይመቻል። ክረምት ዕረፍቱ ረዥም ቢሆንም ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራ ብርድ የሚወርድባት ከተማ ናት። በሐምሌ ዝናብ የሚገባ ቡችላ ደረቅና ሞቃት ማደሪያ አስቀድሞ ሊዘጋጅለት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ ሴት ቡችላ አንድ ቃል እንበል። ብዙ ሰው ወንዱን መርጦ ይወስድና ሴቶቹ ይጣላሉ። ሴት ውሻ ግን ግቢ በመጠበቅ ከወንድ አታንስም። ልዩነቱ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ውሾች ሲከተሏት፣ ለ3 ሳምንት ገደማ ከግቢ እንዳትወጣ መጠበቅ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ይህን ማድረግ የሚችል ቤተሰብ ሴቷን ቢወስድ ከመጣል ያድናታል።

ማደሪያውና የመጀመሪያው ሌሊት

በእኛ አገር በብዙ ቤት ውሻ ከሰው መኝታ አይገባም። ይህን ልማድ መተው አያስፈልግም። በማድ ቤት ጥግ ወይም በተከለለ በረንዳ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሣጥን አስቀምጠው ገለባና አሮጌ ጨርቅ ቢጎዘጉዙበት በቂ ነው። ከሰል ሲጤስ ባደረ ወይም ፍም ባልጠፋበት ዝግ ማድ ቤት ውስጥ ግን ቡችላውን አይዝጉበት። ጭሱ ሰውን እንደሚገድል ሁሉ እርሱንም ይገድለዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሌሊቶች ቡችላው ያለቅሳል። ከእናቱ ሙቀት ስለተለየ ነው እንጂ ክፉ ጠባይ ኖሮት አይደለም። በጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቡ ቢያኖሩለት ይረዳዋል። ሲወስዱት እናቱ የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ከመጡ ደግሞ ሽታው ያረጋጋዋል። በጮኸ ቁጥር መምታት ፍርሃት እንጂ ሌላ አያስተምረውም።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል። ቡችላ ላለው ግቢ ይህ አነጋገር ቀጥተኛ ምክር ነው። ቡችላው ሾልኮ የሚወጣበት የአጥር ቀዳዳ ሁሉ ሳይመሽ ይደፈን። ቡችላ ለጅብ ቀላል ምግብ ነውና፣ እስኪያድግ ድረስ ሌሊት ሜዳ ላይ አይደር።

የቀኑ ሥርዓት

ቡችላ ሰዓት አያይም፤ ነገር ግን በየቀኑ በተመሳሳይ ጊዜ የሚደረግለትን ቶሎ ይለምዳል። ስለዚህ ሥርዓቱን ከሥራ ሰዓትዎ ጋር ማስማማት ይቻላል። ጧት 2 ሰዓት ከቤት የምትወጣ፣ ማታ 11 ሰዓት ተኩል የምትገባ አንዲት ሠራተኛ እናት እንውሰድ።

ጧት 12 ሰዓት፦ ቡችላው እንደነቃ ወዲያው ወደሚጸዳዳበት የግቢ ጥግ ይወሰድ። ዘወትር ያው ጥግ ይሁን። እዚያ ሲጸዳዳ ወዲያው በለሰለሰ ድምፅ ይመስገን። ከዚያ ይመገብ። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ እንደገና ወደዚያው ይወሰድ። ቁርስ እስኪደርስ ልጆቹ ያጫውቱት፤ የተጫወተ ቡችላ ይተኛልና።

ጧት 2 ሰዓት፦ ንጹሕ ውኃና የሚያኝከው ነገር ይተውለት፤ ለምሳሌ ተጠላልፎ የታሰረ አሮጌ ጨርቅ። ሲወጡ ረዥም ስንብት አያብዙ። ማባበሉ በበዛ ቁጥር ልቅሶው ይበዛል።

ቀን 6 ሰዓት ተኩል፦ ይህ ሰዓት የሁሉም ቁልፍ ነው። የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው ቢበዛ ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ነው፤ የ3 ወሩ ለ4 ሰዓት ያህል ይችላል። ስለዚህ ቀትር ላይ የሚያወጣውና የሚያበላው ሰው የግድ ያስፈልጋል። ለምሳ ቤት የሚገቡ ከሆነ እርስዎ፣ ካልሆነም በፈረቃ የሚማር ልጅ ወይም የሚተማመኑበት ጎረቤት ሊያደርገው ይችላል። በጣም ትንሽ ለሆነው ደግሞ ረፋድ ላይም አንድ ጊዜ ብቅ የሚል ሰው ቢገኝ መልካም ነው።

ማታ 11 ሰዓት ተኩል፦ ቡና ከማፍላትዎ በፊት አስቀድመው ያውጡት። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይመገብ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ይውጣ። የ2 ወሩን ቡችላ ሌሊት አንድ ጊዜ ማውጣት ያስፈልግ ይሆናል፤ ይህ ግን ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም።

ቡችላው በማይገባ ቦታ ቢጸዳዳ አፍንጫውን እዚያ ላይ ማሸት የቆየ ስሕተት ነው። የሚማረው ቢኖር እርስዎን መፍራትና ተደብቆ መጸዳዳትን ነው። ዝም ብለው ሽታው እስኪጠፋ በሳሙና ያጽዱ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብለው ያውጡት።

ብቸኝነትንም ማስለመድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ መጀመሪያ ለ5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለ10፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ከግቢ ወጣ ብለው ይመለሱ። ሲመለሱ የሚጮህ ከሆነ ዝም እስኪል ትንሽ ይታገሡ። ሰው ሄዶ እንደሚመለስ የገባው ቡችላ ሰኞ ዕለት ብዙ አያስቸግርም።

ምግቡ

ቡችላ እስከ 4 ወሩ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 6 ወሩ 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ 2 ጊዜ ቢመገብ ይበቃዋል። የጉና ገብስ ለዚህ ይመቻል። የገብስ ዱቄት ያለ በርበሬ እንደ ገንፎ በስሱ ተሠርቶ፣ የሥጋ ቁርጥራጭ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ቢጨመርበት፣ ከተቀቀለ ድንች ጋርም ቢለወስ ጥሩ ምግብ ይሆናል። ወጥ የተረፈበት እንጀራ ግን ለቡችላ አይስማማም፤ በርበሬው አንጀቱን ያቃጥለዋል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ደሙን ይጎዱታል። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

በጾም ወራት ቤተሰቡ ሥጋ አይሠራምና ቡችላው እንዳይጎዳ ማሰብ ይገባል። የሚያድግ እንስሳ ነውና ለእርሱ እንቁላል መቀቀል፣ ወይም ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ገዝቶ አብስሎ መስጠት ይቻላል።

በበዓል በግ ሲታረድ ደግሞ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አይጣል። በበግ ሳንባና ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለ፣ ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ወጥቶ በልጆች እጅ ወደ አፍ ከገባ፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ እብጠት ያመጣል። እንዲህ ያለው አካል ተቃጥሎ ወይም በጥልቅ ተቀብሮ መወገድ አለበት።

ክትባትና ንጽሕና

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውን ከሞት የሚያስጥል መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ የአፍሪካና የእስያ ልጆች ናቸው። መከላከያው ግን የታወቀ ነው። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ በክትባት ያዳነው በ1877 ዓ.ም. ነበር። በአገራችንም አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው፣ ሰዉ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ተቋም ክትባቱን ለብዙ ዓመታት ሲያዘጋጅ ኖሯል። በሽታው የዱር አራዊትንም አይምርም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች ተዛምቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

ስለዚህ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይወሰድና ይከተብ፤ ከዓመት በኋላም ይደገምለት። ክትባቱ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ከድካም ያድናል። የክትባቱ ካርድ ከልጆች ካርድ ጋር ይቀመጥ። የሆድ ትል መድኃኒትም በዚያው ይጠየቅ፤ ቡችላ ብዙውን ጊዜ ትሉን ከእናቱ ይዞ ይመጣልና። ልጆች ካጫወቱት በኋላ ሳይታጠቡ ምግብ እንዳይነኩ ያስለምዷቸው።

ማንኛውም ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የተነከሰውም ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸሎቱና ጸበሉ ሕክምናውን አያስቀር፤ አብሮት ይሁን። «የራሳችን ቡችላ ነው፣ ምንም አያደርግም» ብሎ መቆየት ሕይወት ያሳጣል።

ጥሩ ጠባቂ እንዲሆን

ቡችላ በጨለማ ቤት ቢታሰር ኃይለኛ ይሆናል፣ ጆሮው ቢቆረጥ ይቆጣል የሚሉ አሉ። እንዲህ የተሠቃየ ውሻ ሌባውንና የጌታውን ልጅ የማይለይ ፈሪ ተናካሽ ሆኖ ያድጋል። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው እስከ 3 ወር ተኩል ገደማ ባለው ዕድሜው ነው። በዚህ ጊዜ እንግዳ፣ ሕፃን፣ በግና ፈረስ በሰላም ይይ፤ ገና ያልተከተበ ስለሆነ ግን ከማያውቁት ውሻ ጋር አይቀላቀል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ ይደነግጣልና በዚያን ጊዜ አብሮት ሰው ይሁን። ሲያድግ ጠላትና ወዳጅ መለየቱን ማንም ሳያስተምረው ያውቅበታል።

ሥራው የማን ነው?

ብዙ ጊዜ ቡችላ የሚለምኑት ልጆች ናቸው፤ የሚፈቅደው አባት ነው፤ የምታሳድገው እናት ናት። ይህ እንዳይሆን ቡችላው ሳይመጣ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ ይነጋገር። የጧቱን ማን ያወጣዋል? የቀትሩን ማን ያበላዋል? ሰገራውን ማን ያነሣል? ወደ ክሊኒክ ማን ይወስደዋል? መልሱ በስም ይነገር። የቤት ሠራተኛ እንድትረዳ ከታሰበም ይህ ተጨማሪ ሥራ ነውና ፈቃዷ ይጠየቅ፤ ደመወዟም ይታሰብበት። በኪራይ ቤት የሚኖሩ ከሆነ የአከራይዎንና አብረው በግቢው ያሉትን ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ።

ለቀትሩ ጥያቄ መልስ ያልተገኘለት ቤት ለጊዜው ቡችላ ባይወስድ ይሻላል። ውሻ የግድ ካስፈለገው ዓመት የሞላውን፣ ረዘም ላለ ሰዓት ብቻውን መቆየት የሚችለውን ይፈልግ። መልስ ያለው ቤት ግን 2 ወር ያህል ቢታገሥ፣ ከሥራ ሲገቡ በር ላይ የሚቀበልዎ፣ ሌሊት የሚያነቃዎና ልጆችዎን የሚያውቅ ጠባቂ ያገኛል።