«ተከፍሎበታል እኮ!»



ቡፌ ላይ ከሚነገሩት ሁሉ እኔን የምትከነክነኝ «ተከፍሎበታል» የምትለዋ ቃል ናት። ሰው ጠግቦ ሳለ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ ይላታል፤ ሳህኑ ላይ ግማሽ ዶሮ ትቶ ወደ ጣፋጩ ሲያመራም ይላታል። ስለ ኢስራፍ ስንት ኹጥባ ሰምተናል፤ ቡፌ ፊት ስንቆም ግን ይህች ቃል ሁሉንም ታስረሳናለች። መከፈሉስ በርግጥ ተከፍሏል። ጥያቄው የተከፈለው ለምኑ ነው የሚለው ነው።

ይህን ነገር በደንብ እንዳስብበት ያደረገኝ ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ ላይ ያየሁት ነው። ባለፈው ክረምት አጎቴን ለኩላሊት ሕክምና አጅቤ ሄጄ ነበር። ሕክምናው አልሐምዱሊላህ በሰላም ሲያልቅ፣ የአጎቴ የንግድ ወዳጅ የሆኑ ሰው ሑሴን ሳጋር ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለ አንድ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል የእሁድ ምሳ ጋበዙን። ዋጋው ለአንድ ሰው ከ2,000 ሩፒ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ 18 በመቶ ግብር ይጨመርበታል።

ምግቡን ሳልነግራችሁ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። መሃል ላይ የከተማዋ ቢርያኒ ነበር፦ ጥሬ ሥጋ በእርጎና በቅመም ታሽቶ ከሩዝ ጋር ድስት ይገባል፤ ከዚያ የድስቱ አፍ በሊጥ ታሽጎ በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ከጎኑ በኦቾሎኒና በሰሊጥ የሚሠራ የቃሪያ ወጥ፣ ሚርቺ ካ ሳላን ይሉታል። እፊታችሁ ቆሞ ዶሳ የሚጋግር ሰው አለ። ጣፋጩ ጋ ደግሞ ከደረቀ አፕሪኮት የሚሠራው ኩባኒ ካ ሚታ አለ፤ እሱን ያላየ ሰው ጣፋጭ አውቃለሁ ባይል ደስ ይለኛል።

ከምግቡም በላይ የወደድኩት ምልክቶቹን ነው። ሕንድ ውስጥ ሥጋ የሌለበት የታሸገ ምግብ አረንጓዴ ክብ ምልክት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ቡፌው ላይም በየትሪው ፊት ያው ምልክት ያለበት ካርድ ቆሟል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች እንኳ ለማይበሉት ጄይኖች ለብቻ የተሠራ ነበር። የሥጋው ትሪ ላይ «ሐላል» የሚል ተጽፏል። እኛ አገር ሠርግ ቤት ገብተን «የሙስሊም በየት በኩል ነው?» እያልን የምንዞረውን ዙረት አንዲት ካርድ ጨረሰችው።

እንግዲህ ድግሱን ልኮንን እንዳልተነሳሁ ይታወቅልኝ። ሆቴል ገብቶ መብላት በራሱ ኢስራፍ ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ አልስማማም። ከሐላል ገንዘቡ ጥሩ ምግብ የበላን ሰው ማን ይከለክለዋል? የእኔ ነገር ያለው ከትሪው ላይ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ነው።

አጎቴ ሐኪማቸው ጨውና ሥጋ ቀንሱ ስላሏቸው ትንሽ ሩዝ፣ ትንሽ ምስርና እርጎ ይዘው መጡ። ጋባዣችን ደነገጡ። «ሐጂ፣ ምነው? ይጨምሩ እንጂ፣ ተከፍሎበታል እኮ!» አሉ። አጎቴም «ለኩላሊቴም ተከፍሎበታል» ብለው ምግባቸውን ቀጠሉ።

ጎናችን ካለው ጠረጴዛ ሰዎቹ ሲነሱ ያልተነካ ከባብ፣ የተቆፈረ ሩዝና አንዴ ብቻ የተገመጠ ዳቦ ቀረ። የሚያነሳውን አስተናጋጅ ይህ የት ይሄዳል ብዬ ጠየቅሁት። ትሪ ላይ የተረፈውን ሠራተኞች ይበሉታል፣ አንዳንድ ጊዜም መጥተው የሚወስዱት አሉ፤ ሳህን ላይ የቀረው ግን ቆሻሻ ነው አለኝ።

መልሱ ቴርሞዳይናሚክስ ክፍል ውስጥ የምንማረውን የማይቀለበስ ሂደት አስታወሰኝ። ትሪው ከሥር በሙቅ ውሃ ተይዞ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እስከቆየ ድረስ ምግቡ ገና የሰው ምግብ ነው። ሌላ እንግዳ ይበላዋል፣ ሠራተኛ ይበላዋል፣ ለድሃም ይደርሳል። ሕንዶች ለዚህ ሥርዓት አበጅተዋል። የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣናቸው የተረፈ ምግብ ተሰብስቦ የሚታደልበትን ደንብ በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ በ2014 ዴልሂ ላይ የተጀመረው ሮቢን ሁድ አርሚ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብም ከምግብ ቤቶች የተረፈውን እየወሰደ ለተራቡ ያደርሳል። ያ ሁሉ መንገድ የሚዘጋው ጭልፋው ከትሪው ተነስቶ ሳህናችሁ ላይ በወረደበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ምግቡ ሁለት ዕጣ ብቻ አለው፦ ሆዳችሁ ወይም ገንዳው። «ብተወውም ባልተወውም ይጣላል» የሚለው ሰበብም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ትሪ ላይ ብትተወው ላይጣል ይችል ነበር።

አሁን ወደ ክፍያው። እኔ ዑስታዝ አይደለሁም፤ መድረሳ የቀራሁትን ያህል ነው የምናገረው። ቡፌ መጠኑ ያልታወቀ ሽያጭ ስለሆነ ገረር አለበት ብለው የተከራከሩ ዑለማዎች አሉ። የፈቀዱት ደግሞ ኪታቦቻችን ውስጥ ወዳለው የሐማም ምሳሌ ይመልሱናል፦ ሰው የገላ መታጠቢያ ቤት በክፍያ ይገባል፤ ስንት ውሃ እንደሚያፈስስና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይለካም፤ ልማዱ ስለሚታወቅ ተፈቅዷል። መልካም። ነገር ግን ሐማም የገባ ሰው የገዛው መታጠብን ነው፤ ከታጠበ በኋላ ቧንቧውን ከፍቶ «ተከፍሎበታል» ቢል እንስቅበታለን። በሻፊዒዮቹ ኪታብ የወሊማ ምዕራፍ ላይም እንግዳ የቀረበለትን መብላት እንጂ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ መስጠት እንኳ እንደማይችል ተምረናል።

የቡፌ ተመጋቢም ከፋይ ይሁን እንጂ በዚህ በኩል እንግዳ ነው። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ሃይደራባድ ውስጥ ቻርሚናር አካባቢ ተራ ቢርያኒ ቤት ገብታችሁ አንድ ሳህን ብታዝዙ ምግቡ የእናንተ ነው፤ የተረፈውን «ፓርሰል» ብላችሁ ታስጠቀልላላችሁ፣ ደጅ ለተቀመጠው ሰው ብትሰጡትም ማንም አይጠይቃችሁም። በሆቴሉ ቡፌ ግን አንዲት ከባብ በሶፍት ጠቅልላችሁ ብትወጡ ያስቆሟችኋል። ማውጣት የማይፈቀድልኝ ነገር እንዴት የእኔ ንብረት ይሆናል? የከፈልኩት እስክጠግብ ለመብላት ነው። ከዚያ በላይ ከምሬ የተውኩት የሰው ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኢስራፉ ሳይቆጠር።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2022 ዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነ አስልቷል፤ 28 በመቶው ከምግብ ቤቶችና ከመሰሎቻቸው ነው። ትልቁ ድርሻ የየቤታችን ነው፤ ስለዚህ ሆቴሎችን ብቻ መውቀስ አያዋጣም።

ይህን ሁሉ አሁን የጻፍኩት የዘንድሮ ተመራቂዎቻችን ሽኝት ሆቴል ውስጥ በቡፌ ይሁን የሚል ሐሳብ ጀመዓችን ውስጥ ስለተነሳ ነው። እኔ አልቃወምም። እህቶችና ወንድሞች አራትና አምስት ዓመት የካፌ ሽሮ በልተዋል፤ አንድ ቀን ቢያምርባቸው ምን አለበት? ኮሚቴው ግን ከመዋዋሉ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅልን እወዳለሁ። አንደኛ ትንንሽ ሳህን፦ በ2013 የታተመ የኖርዌይ ሆቴሎች ጥናት ሳህኑን ማሳነስ ብቻውን ብክነቱን 20 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ሁለተኛ ሥጋውን የሚያወጣ አስተናጋጅ። ሦስተኛ ትሪ ላይ የሚተርፈውን ይዘን እንድንወጣ ውሉ ላይ ይጻፍልን፤ ዕቃና መኪና እኛ እናዘጋጃለን፣ ከግቢው በር ውጭ የሚጠብቁትን ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሆቴሉ ሦስተኛውን እምቢ ካለ ሌላ ሆቴል እንጠይቅ።