ጃይሮ ማጭበርበር ነው እንዴ?

የሪሞት መኪና የሚወዱ ልጆች በተሰበሰቡበት አንዱ “የእኔዋ ጃይሮ አላት” ካለ ጨዋታው ይደፈርሳል። “እንግዲያማ የምትነዳት አንተ አይደለህማ!” ይሉታል፤ ልክ ፈተና ላይ አጤሬራ ይዞ እንደተገኘ ተማሪ።

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ጃይሮ ያግዛል እንጂ አይነዳም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። “ጃይሮስኮፕ” የሚለውን ስም በ1852 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ ነው። የእሱ መሣሪያ በፍጥነት የሚሽከረከር ክብ ብረት ነበረው። ዛሬ መኪናዋ ውስጥ የሚገባው ግን፣ ስልካችሁ ውስጥ እንዳለው ሁሉ፣ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ ኢምንት የሲሊከን ቅንጣት ነው። መኪናዋ ስትዞር ንዝረቱ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከዚያም በሰከንድ ስንት ዲግሪ እየዞረች እንደሆነ ይታወቃል።

ጃይሮው የሚቀመጠው በሪሲቨሩና መሪውን በሚያዞረው ትንሽ ሞተር (ሰርቮ) መካከል ነው። የመኪናዋ ኋላ ተንሸራቶ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ሲዞር የፊት ጎማዎቹን ወደ ግራ ይመልሳል። በቃ፣ ሥራው ይኼው ነው።

“ታዲያ ጣታችን ምን ይሠራል?” ትሉ ይሆናል። ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ዓይናችሁ አይቶ ጣታችሁ እስኪንቀሳቀስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ቢፈጅ መኪናዋ ከ2 ሜትር በላይ ሄዳለች። ርዝመቷ 44 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የራሷን አምስት እጥፍ ማለት ነው!

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እውነተኛ መኪና የሚነዳ ሰው መንሸራተቱን በመቀመጫው፣ በወገቡ ይሰማዋል። የሪሞቱ ሹፌር ውጭ ቆሞ በዓይኑ ብቻ ነው የሚከታተለው። ስለዚህ ጃይሮው የሚሰጠው ትርፍ ችሎታ ሳይሆን ያጣውን ስሜት ነው።

ደግሞ እኮ ስሜቱ ያላቸው እውነተኛ ሹፌሮችም ይታገዛሉ። መርሴዲስ በ1995 እ.ኤ.አ. ከቦሽ ጋር ያወጣው መንሸራተትን የሚከላከል ሲስተም የመኪናውን መዞር ለክቶ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን ያስይዛል። እዚያ ተሳፍሮ “አጭበርባሪ” የተባለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እርግጥ ነው፣ ብዙ የፍጥነት ውድድሮች ጃይሮን ይከለክላሉ። ደንብ ደንብ ነው፤ እዚያ ደብቆ መግባት ያለ ጥርጥር ማጭበርበር ነው። በኋላ ጎማ በሚነዱት የድሪፍት መኪኖች ግን ጃይሮ የተለመደ ዕቃ ነው። መኪናዋ ጎማዋ እንዲንሸራተት ተብላ ነው የተሠራችው!

ጃይሮ ተአምርም አይሠራም። መሬት የማይቆነጥጥ ጎማን ቆንጣጭ አያደርገውም። ኃይሉ ከልክ በላይ ሲከፈት የፊት ጎማዎቹ ግራ ቀኝ ይርገበገባሉ፤ እናንተ የፈለጋችሁትንም መታጠፍ ይቃወማል። ልኩን ማወቅ ራሱ ችሎታ ነው።

ለጀማሪዎች ምክሬ አጭር ነው። ከመንዳታችሁ በፊት መኪናዋን አንሱና አፍንጫዋን ወደ ቀኝ አዙሩ፤ የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ ካልዞሩ ጃይሮው ተገልብጦ ነው የተስተካከለው፣ እንደ እንዝርት ያሾራችኋል። ከዚያ በመካከለኛ ኃይል ጀምሩ፤ እጃችሁ እየለመደ ሲሄድ ቀስ በቀስ ቀንሱ። የሚስቅባችሁ ካለ ሪሞቱን አቀብሉትና ያለ ጃይሮ ይሞክራት።