የጋራው ማድ ቤት መጋዘን አይሁን

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በተከበረው ጋዜጣዎ የአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ይህችን አሳቤን እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የጨንቻ ተወላጅ ስሆን በመንግሥት ሥራ ምክንያት በልደታ ማርያም አጠገብ ካሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ተከራይቼ እኖራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የምበላው ሁሉ የሆቴል ነበር። ምግቡ መጥፎ ነበር አልልም፤ ነገር ግን ብቻዬን ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ጎርሼ ስነሣ፣ ጠገብሁ እንጂ በላሁ ለማለት አልደፍርም ነበር። እንደ እኔ ከየአገሩ ተዛውራችሁ የመጣችሁ ሠራተኞች ይህን ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ግንቦት 1 ቀን ከፎቅ ስወርድ ጎረቤቶቼን ከጋራው ማድ ቤት ደጃፍ ትልቅ ድስት ጥደው አገኘኋቸው። ሲዘፈዘፍ ያደረ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ባንድነት ይንተከተካል። ፋሲካ ምንም ቢዘገይ ከሚያዝያ 30 ቀን ስለማያልፍ ልደታ ሁልጊዜ የሚውለው በፍስክ ነው፤ ሥጋና ቅቤ በተፈታበት ሰሞን ለንፍሮ እንዲህ መሰብሰባቸው አስገረመኝ። አንዲት እናት «ና ልጄ፣ ዝገን» አሉኝ። ዘግኜ ወደ ቤቴ ልገባ ስል ግን ተቆጡኝ። ሐና እመቤታችንን የወለደቻት ከቤት ወጥታ በሊባኖስ ተራራ ስለ ሆነ የልደታ ንፍሮ በደጅ ተቀቅሎ በደጅ ይበላል እንጂ ቤት አይገባም አሉ። ቆሜ በላሁ። ዓመት ሙሉ በደረጃው ላይ በዝምታ የማልፋቸውን ሰዎች ስማቸውን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እኔም ከአገሬ የተላከልኝን ቆጮ ይዤ ወረድሁ። ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተቀብሮ ሲቦካ ከርሞ የሚጋገር ነው፤ ሽታው ለማያውቀው ሰው እንደሚከብድ አልክድም። እኚያው እናት አፍንጫቸውን ይዘው ጋገሩት፤ በዳጣ ከቀመሱት በኋላ ግን ድጋሚ ቆረሱ።

አሁን የሕንፃችን ኮሚቴ ይህን ማድ ቤት ለመጋዘን ሊያከራየው አስቧል። ጢሱ በመስኮት ይገባል፤ ደግሞም ሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ አለው ይላሉ። የጢሱ ነገር እውነት ነው፤ እኔም ያሰጣሁትን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ መልሼ አጥቤአለሁ። ነገር ግን ማድ ቤቱና ማረጃው ከፎቁ ተለይተው የተሠሩት በጠባብ ቤት ውስጥ እንጨት ማንደድና በግ መጣል ስለማይቻል ነው። ሠርግና ልቅሶስ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይወጣልን? ከ2000 ዓ.ም. በኋላ አሮጌው የልደታ ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ የየቤቱ ግቢ ጠፍቷል፤ በእኛ ሕንፃ ለዚህ የቀረው ያ አንድ ደጃፍ ብቻ ነው።

እንደ እኔ አስተያየት አንዱ ክፍል የጢስ መውጫ ተበጅቶለት ለማድ ቤትነት ይቅር፤ ሌላው ይከራይ። ለጢስ መውጫው ከደመወዜ 500 ብር እንደማዋጣ ለኮሚቴው በጽሑፍ አስታውቄአለሁ። ስብሰባው በሚመጣው እሑድ ነው። ተከራይ ስለ ሆንሁ ድምፅ የለኝም፤ ባለቤቶቹ ግን ጋዜጣ አንባቢዎች ናቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከልደታ ማርያም