እንግዳውን ገበያው ድረስ እናድርሰው



ባለፈው ሴሚስተር ጀመዓችን ተማሪዎችን ከነጋዴዎችና ከቀድሞ ተመራቂዎች ጋር ባገናኘበት የትውውቅ ፕሮግራም ላይ አንዲት አዲስ እህት መጥታ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ሻይዋን ጠጣች፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። በኋላ ከዶርም ጓደኛዋ እንደሰማሁት ለተማሪዎች ሻርፕ እየሸጠች ራሷን ትደጉማለች፤ የመጣችውም በጅምላ የሚሰጣት ሰው ፍለጋ ነበር።

በዚያው አዳራሽ፣ ከፊት ወንበር ላይ፣ መርካቶ ውስጥ ሻርፕ የሚያከፋፍል ወንድም ተቀምጦ ነበር። በመካከላቸው ቢበዛ አሥር እርምጃ ቢኖር ነው። ያንን የሚያሻግራት ሰው ግን አልተገኘም። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ከማውቃቸው ጓደኞቼ ጋር ቆሜ እየሳቅኩ።

ከመድረክ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሏል። ተምርና ሻይም ቀርቧል። የጎደለው መስተንግዶ አይደለም፤ ሰው ነው።

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሀብታቸውን መካ ትተው መዲና ሲገቡ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈቀዱ። ዐብዱረሕማን ግን ዱዓ አድርገውላቸው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አመለከቷቸው፤ በቅቤና በደረቅ አይብ ንግድ ጀመሩ።

ይህን ታሪክ ስንሰማ የዐብዱረሕማንን ራስን መቻል እናደንቃለን። እኔ ደግሞ ሌላውን ጎኑን አያለሁ፦ እንግዳው የራሱ የሆነ አንድ ሰው ነበረው፤ ገበያውን የሚያውቅ ሰው።

«የንግድ ሰው ዓይን አፋር መሆን የለበትም፣ ራሱ ቀርቦ ይተዋወቅ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት አላቸው፤ ዐብዱረሕማንም ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። ግን አጠገባቸው የሚጠየቅ ሰው ነበር።

ስለዚህ ለቀጣዩ ፕሮግራም የምለው ይህን ነው። በር ላይ ስምና ዲፓርትመንት ብቻ አንመዝግብ፤ ምን ለማወቅ፣ ማንን ለማግኘት እንደመጣም እንጠይቅ። «ምን ትሠራለህ?» ብቻ ካልነው «ተማሪ ነኝ» ይላል፤ ወሬውም እዚያው ያልቃል። ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው አንድ ነባር አባል ይመደብለት፤ ለእህቶች ደግሞ እህት። ሥራው ቀላል ነው፦ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ጋ ወስዶ በስሙ ማስተዋወቅ፣ በማግስቱም በቴሌግራም «እንዴት አገኘኸው?» ማለት። ክብ ሠርተን ስናወራም ለአንድ ሰው የሚሆን ክፍት ቦታ እንተው፤ ጀርባ ለጀርባ የገጠመ ክብ ለአዲስ ሰው ግድግዳ ነው።

የፕሮግራሙንም ስኬት በአዳራሹ መሙላት አንለካው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጡት ውስጥ ስንቱ ተመልሶ መጣ? መለኪያው ይህ ይሁን።

ያቺን እህት ዶርሟ ድረስ ሄደው የሚጋብዟት እህቶች ተገኝተዋል። ለሻርፕ አከፋፋዩ ወንድምም ነግሬዋለሁ፤ እመጣለሁ ብሏል። ኢንሻአላህ በዚህኛው ጊዜ አሥሩን እርምጃ ብቻዋን አትራመድም።