ለእቴጌ ጥሩወርቅስ ማን ያልቅስ?

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በአርሲዋ ሮቤ፣ በአንድ ቪዲዮ ቤት የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ፊልም ይታይ ነበር፤ በ1971 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ ቫኔሳ ሬድግሬቭ የተጫወተችበት። ንግሥቲቱ አንገቷን ለመጥረቢያ ስትሰጥ እስከዚያ ሲያፏጩ የነበሩት ጎረምሶች ጸጥ አሉ። «ስኮትላንድ የት ነው?» ያለ አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት የፊልም ሰዎቻችን ሁለት ምክንያት ስለሚደጋግሙብን ነው፤ የታሪክ ፊልም ገንዘብ ይበላል፣ የአንዱ አውራጃ ታሪክም ለሌላው አይጥምም ይላሉ። ሁለቱንም አልቀበልም።

እስቲ የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ሕይወት እንመልከት። አባታቸው ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ድል ሆነው ታሰሩ። ራሳቸው ባሠሩት ደረስጌ ማርያም ድል አድራጊው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ውቤ ገና እስረኛ ሳሉ፣ በ1852፣ ልጃቸው የአሳሪያቸው ሚስት ሆኑ። በ1853 ዓለማየሁ ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ከአንድ ወር በኋላ እቴጌይቱ ከናፒየር ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመው ዐረፉ፤ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ሕፃኑ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ዐረፈ። እናት ጨለቆት፣ ልጅ ዊንድሰር!

የሜሪ ፊልም ሠሪዎች ንግሥታቸውን ከእንግሊዟ ኤልሳቤጥ ጋር ፊት ለፊት አገናኝተዋል። ሁለቱ ግን በዕድሜያቸው ተያይተው አያውቁም። ትዕይንቱ ስለጎደላቸው ፈጠሩት። እኛ ምን ጎደለን? አባት ታሳሪ፣ ባል አሳሪ፣ በመካከላቸው አንዲት ሴት። ይህን ለማሳየት ሴባስቶፖልን ዳገት ማስጎተት የግድ አይደለም፤ አንድ እልፍኝ፣ አንድ ድንኳን፣ ሦስት ጥሩ ተዋንያንና ደፋር ጸሐፊ ይበቃሉ። የጠፋው ገንዘቡ ሳይሆን ድፍረቱ ነው።

በመድረካችንም የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ»ዎች ማዕከላቸው ንጉሡ ናቸው። ይገባቸዋል፤ አልቃወምም። ነገር ግን ከጀግናው ጀርባ የቆመችውን ሴት የጌጥ ያህል ብቻ ማየት መቼ ይበቃናል? እቴጌይቱን የምታለቅስ በግ አድርጎ የሚያቀርብ ፊልምም አልለምንም። የአባታቸውን እስር እያወቁ ከንጉሡ ማዕድ የተቀመጡ ሴት ምን ያስቡ ነበር? ፊልሙ ይህን ይጠይቅ።

የስሜን ሴት ታሪክ ለአርሲ አይጥምም የሚለኝ ካለ፣ የሮቤን ጎረምሶች ያስታውስልኝ። ለስኮትላንድ ንግሥት ጸጥ ያለ ተመልካች ለጥሩወርቅ አያፏጭም።