የንግድ ቤት ተከራይና ስም ያልወጣለት ጫና

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት የውል ዘመን ሰጥቷል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ገድቧል። ከዚያው ሕንፃ ሥር ሱቅ የተከራየው ልብስ ሰፊ ግን ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው። የእርሱ ጉዳይ ዛሬም የሚዳኘው በውሉና በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

ስለ ንግድ ቤት የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ በኪራይ ዋጋ ላይ ያተኩራል። በእኔ አስተያየት ግን ከዋጋው በፊት መመርመር ያለበት አከራዩ ዋጋውን የሚያስቀበልበት መንገድ ነው። ውሉ ሳያልቅ መብራት ይቋረጣል፤ የጋራ መጸዳጃው ይቆለፋል፤ አሸዋና ብሎኬት ከሱቁ ደጃፍ ይራገፋል። ነዋሪ አንድ ሳምንት በጨለማ ቢያሳልፍ ይንገላታል፤ የልብስ ሰፊው መኪና ለሳምንት ከቆመ ግን ደንበኛው ሌላ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል፣ ላይመለስም ይችላል። የቀድሞው የንግድ ሕግ የኪራይ መብትን ግዙፋዊ ህልውና ከሌላቸው የንግድ መደብር ሀብቶች አንዱ አድርጎ የቆጠረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እርግጥ ተከራዩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ላይ ተመሥርቶ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊከስ ይሞክር ይሆናል። ድንጋጌው ግን ጠቅላላ ነው፤ የተፈጸመው ድርጊት ሁከት መሆኑን ማስረዳት በከሳሹ ትከሻ ላይ ይወድቃል። መብራቱ የጠፋው በብልሽት ነው ብሎ መመለስ ለአከራይ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ልብ ይሏል።

የኒው ዮርክ ከተማ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ለንጽጽር የሚጠቅመው በዚህ ነጥብ ነው። ከተማዋ የንግድ ቤት ኪራይ ዋጋ ቁጥጥርን ከተወች አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ ግን አገልግሎት ማቋረጥን፣ መግቢያ መዝጋትን፣ መሠረተ ቢስ ክስ መደጋገምንና አላስፈላጊ ግንባታን በስማቸው ጠርቶ፣ ተከራዩን ለማስለቀቅ ወይም መብቱን ለማስተው ሲፈጸሙ ተከራዩ ራሱ እንዲከስ ፈቅዷል። ድክመትም አለበት፤ ያለቀ ውልን በሕጋዊ መንገድ ለማደስ እምቢ ማለትን እንደ ጫና አይቆጥርም። ስለዚህ ዝርዝሩን ብቻ ብንወስድ በአንድ ዓመት ውል የሚሠራውን ነጋዴያችንን ለማስወጣት አከራዩ ዓመቱ እስኪሞላ መታገሥ ይበቃዋል።

የተከለከሉ ድርጊቶች ዝርዝርና ዝቅተኛው የውል ዘመን በአንድ አዋጅ ሊወጡ ይገባል። ለመኖሪያ ቤት የተወሰነው ሁለት ዓመት ለንግድ ያንሳል ባይ ነኝ፤ ለመደርደሪያ፣ ለመስታወትና ለስፌት መኪና የወጣውን ገንዘብ ለመመለስ እንኳ አይበቃም።